ያውቁ ኖሯል? የማኅሌታዩ ደጅ በጋይንት

የደራሲን ቤት ሊሳለም የተነሣ መንገደኛ አስቀድሞ በሐረር የፈረንሳዊውን ባለቅኔ የራምቦን ስም የተሸከመውን ሰገነት ያስብ ይሆናል፤ ነገር ግን ድጓን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን የደረሰው ማኅሌታይ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት ተቀምጦ አስተምሮበታል ተብሎ በትውፊት የሚነገርለት ዙር አባ፣ በጋይንት ምድር የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ እንደ ሆነ ይኖራል። ደጁ ቁልፍና ትኬት አያውቅም (ለእኔ ከሐረሩ የሚያስበልጠውም ይኸው ነው)፤ ለምድ የደረበ ተማሪ ከጎጆው አፋፍ ተቀምጦ፣ ከቃሉ በላይ በጥቃቅን ፊደል የሰፈረውን የዜማ ምልክት በጣቱ እየተከተለ ያዜማል። ምልክቱን የሠሩት ግን፣ ሊቃውንት እንደሚተርኩት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ድጓ የሚያስመሰክር ግን እዚያው ጋይንት ወደ ቤተ ልሔም ይሻገራል።