ሥጋ የምታስጥል መዥገር

ቶማስ ፕላትስ-ሚልስ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የአለርጂ ሐኪምና ተመራማሪ ናቸው። በ2007 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በነሐሴ ወር ብሉ ሪጅ በሚባለው ተራራ ከመንገዱ ወጣ ብለው ሲጓዙ ውለው፣ ጫማቸውን ሲያወልቁ እግራቸው በደቃቅ መዥገሮች ተወሮ አገኙት። ማሳከኩ ሳምንታት ዘለቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ቅባት ቀብቶ ይረሳው ነበር፤ እሳቸው ግን ደማቸውን በየጊዜው እያስመረመሩ፣ አለርጂ የሚያስነሣው ፀረ እንግዳ አካል ከፍ እያለ ሲሄድ ተከታተሉት። ከወራት በኋላ ለንደን ውስጥ እራት ላይ የበግ ሥጋ በሉ። እኩለ ሌሊት ላይ ሰውነታቸው በሽፍታ ተሞልቶ ነቁ። በሌሎች ሕመምተኞች ላይ ሲያጠኑት የነበረው ችግር በራሳቸው ላይ ደረሰ።

ጥናቱ የተጀመረው ከመዥገርም ከሥጋም በራቀ ነገር ነበር። በ2004 ሴቱክሲማብ የተባለ የካንሰር መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በቴነሲና በሰሜን ካሮላይና መድኃኒቱ በደም ሥራቸው ከተሰጣቸው ሕመምተኞች መካከል 22 በመቶ የሚሆኑት በመጀመሪያው ቀን ከባድ አለርጂ ተነሣባቸው። በሰሜን ምሥራቅ ግዛቶች ግን ያው መድኃኒት ከመቶ አንድ ሰው እንኳ አያሳምምም ነበር። በመድኃኒቱ ውስጥ አልፋ-ጋል የሚባል የስኳር ዓይነት አለ፤ የታመሙት ሰዎች ደም ደግሞ መድኃኒቱን ከመውሰዳቸው አስቀድሞ ይህን ስኳር የሚዋጋ ፀረ እንግዳ አካል ይዞ ተገኘ። ከየት አመጡት? ተመራማሪዎቹ ሕመምተኞቹ የሚኖሩባቸውን አካባቢዎች በካርታ ላይ ሲያስተያዩ፣ በመዥገር የሚተላለፍ አንድ የትኩሳት በሽታ ከሚበዛባቸው ቦታዎች ጋር ገጠመላቸው። ከአሜሪካ በጣም ርቃ በምትገኘው በሲድኒም ሐኪሟ ሼሪል ቫን ኑነን፣ መዥገር የነከሳቸው ሰዎች ሥጋ ሲበሉ እንደሚታመሙ አስተውለው ነበር።

አልፋ-ጋል በላም፣ በበግ፣ በፍየል፣ በግመልና በአሳማ ሥጋ ውስጥ አለ። ሰው የለውም፤ ዶሮና ዓሣም የላቸውም። በምግብ መልክ ሲገባ ሰውነት ምንም አይለውም። መዥገሯ ነክሳ ምራቋን ከቆዳ ሥር ስታፈስ ግን ሰውነት ስኳሩን ከጠላት ይቆጥረዋል። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ለዓመታት ሲበላው የኖረው ሥጋ ሽፍታ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ማስታወክና ተቅማጥ ያስከትልበታል፤ ሲከፋም የደም ግፊቱን አውርዶ ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ነገሩን የሚያወሳስበው ጊዜው ነው። የኦቾሎኒ ወይም የሽሪምፕ አለርጂ ወዲያው ይታወቃል፤ ይሄኛው ግን የሚነሣው ከበሉ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ቆይቶ ነው። ስኳሩ ከስብ ጋር ቀስ ብሎ ወደ ደም ስለሚገባ ነው ተብሎ ይታመናል። እራቱን በልቶ የተኛ ሰው ሌሊት ሲነቃ ማን ሥጋውን ይጠረጥራል?

ይህ ነገር የአበሻን ቤት በቀጥታ ይመለከታል። በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የሚኖረው በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሰሜን ቨርጂኒያና በሜሪላንድ ነው። ይህን አለርጂ የምታመጣው መዥገር፣ ጀርባዋ ላይ ባለው ነጭ ነጥብ የምትታወቀው ሎን ስታር፣ የምትገኘውም በዚያ ነው። መዥገር የተሸከመ አጋዘን በየጓሮው ይገባል፤ አጋዘኑ ያረፈበት ሣር ላይ ልጆች ይጫወታሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በየፓርኩ ሥጋ ይጠበሳል። አለርጂውን በኃይል የሚያስነሣውም ስብ የበዛበት ሥጋና የሆድ ዕቃ፣ በተለይ ኩላሊት ነው።

ጾሙ ደግሞ ምልክቱን የባሰ ይደብቀዋል። ሁዳዴን ሙሉ ሽሮና ምስር ሲበላ የሰነበተ ሰው ጤነኛ ሆኖ ይከርማል። የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ጾሙን በዶሮ ወጥ ይፈታል፤ ሲነጋ ክትፎውና ጥብሱ ይከተላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሆዱን ሲቆርጠው፣ ቆዳው ሲነፋፋ ቤተሰቡ የሚለው የታወቀ ነው፤ «ከጾም ወጥተህ አበዛኸው!» ብዙ ጊዜም እውነት ነው። በየፍስኩ የሚደጋገም፣ ሰዓታት ቆይቶ የሚነሣና ከሽፍታ ጋር የሚመጣ ከሆነ ግን ምርመራ ያስፈልገዋል። ዶሮ ራሱ ጉዳት የለውም፤ ወጡ ውስጥ የገባው ንጥር ቅቤ ግን የላም ነው። አብዛኞቹ ሕመምተኞች ወተትና ቅቤ ይስማማቸዋል፣ ለጥቂቶቹ ግን እሱም አይሆንም።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2023 ባወጣው ግምት ከ2010 ወዲህ እስከ 450,000 የሚደርሱ ሰዎች ይህ አለርጂ ሳይዛቸው አልቀረም። በዚያው ጊዜ በወጣ ሌላ ጥናት፣ ከተጠየቁት የጤና ባለሙያዎች 42 በመቶው ስለ አለርጂው ጭራሽ ሰምተው አያውቁም ነበር። ስለዚህ «መዥገር ነክሶኝ ነበር» የሚለውን ቃል ከሕመምተኛው አፍ ካልሰማ፣ ሐኪሙ ላይጠይቅ ይችላል። ምርመራው ቀላል የደም ምርመራ ነው፤ ችግሩ የሚያዝዘው ማግኘት ላይ ነው።

በመዥገር የሚመጡ በሽታዎች ታሪክ ደጋግሞ የሚያሳየውም የሕመምተኞችን ጽናት ነው። ፖሊ መሬይ በኮነቲከት ግዛት «ላይም» በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ የሚኖሩ ሠዓሊና እናት ነበሩ። ለዓመታት ሽፍታ፣ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ሕመም ሲፈራረቁባቸው ከሐኪም ሐኪም ተንከራተቱ፤ ችግሩ ከአእምሮ ነው ያሏቸውም ነበሩ። ባለቤታቸውና ልጆቻቸውም ታመሙ። ሴትዮዋ ግን እያንዳንዱን ሕመም ይመዘግቡ ነበር፤ ጎረቤቶቻቸውንም እየጠየቁ የታመሙትን ዝርዝር አዘጋጁ። በ1975 ለግዛቲቱ ጤና ቢሮ ስልክ ደወሉ። በዚያው ሰሞን ሌላ የአካባቢው እናትም ልጃቸው ታሞባቸው ደውለው ነበር።

ጉዳዩን የተረከቡት የየል ዩኒቨርሲቲው ወጣት ሐኪም አለን ስቲር በሦስት አጎራባች ከተሞች 51 ሕመምተኞች አገኙ፤ 39ኙ ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ ጫካ አጠገብ ይኖራሉ፤ ሕመሙ የሚጀምራቸውም ሙቀቱ በሚበረታባቸው ወራት ነው። ሩብ ያህሉ ከመገጣጠሚያው ሕመም በፊት እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ሽፍታ ማየታቸውን አስታወሱ። ዛሬ «ላይም በሽታ» በሚል የከተማዋ ስም የሚጠራው፣ በአሜሪካ በዓመት 476,000 ያህል ሰዎች የሚታከሙለት ሕመም የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ተሕዋሱን ያገኙት ስዊዘርላንድ የተወለዱት ቪሊ በርግዶርፈር ናቸው። በ1981 ከኒው ዮርክ ሼልተር ደሴት የመጡ መዥገሮችን ሆድ ዕቃ ከፍተው በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ የሌላ በሽታ ተሕዋስ ይፈልጉ ነበር። የታያቸው ግን ቀጭን፣ የተጠማዘዘ ባክቴሪያ ሆነ። ወዲያው ያወቁት፣ በወጣትነታቸው የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በአፍሪካ መዥገር በሚያስተላልፈው ተመሳሳይ ባክቴሪያ ላይ ስለነበር ነው። እኚሁ ሰው ቀደም ብለው፣ በ1973 በታተመ ጥናት፣ ከኢትዮጵያ መዥገሮች የተስቦ ተሕዋስ ይገኝ እንደሆነ ከባልደረቦቻቸው ጋር መርምረዋል። በ1966 ደግሞ ከኢትዮጵያ መዥገር ላይ አንድ ሌላ ተሕዋስ ተለይቶ ወጥቶ ነበር። ሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚለውን ስም ያገኘው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። የአፍሪካን ዱር ለመጎብኘት ሄደው የሚመለሱ ቱሪስቶችን ትኩሳትና ራስ ምታት የሚያስይዛቸው፣ የተነከሱበት ላይ ጥቁር ቅርፊት የሚያበጅባቸው እሱ ነው። በአገራችን መዥገር የከብት ጣጣ ብቻ ተደርጋ መታየቷ፣ እረኛውም በጣቱ እየለቀመ መጨፍለቁ ይታሰብበት ዘንድ ይህ ብቻ ይበቃል።

መዥገር አትዘልም፣ አትበርም። ሣር ጫፍ ላይ ወጥታ በኋላ እግሮቿ ሣሩን ትይዝና የፊት እግሮቿን ዘርግታ ትጠብቃለች። እነዚያ የፊት እግሮች ትንፋሽና ሙቀት ያሸታሉ፤ የሚያልፍ ሰው ሱሪ ሲነካቸው ይይዛሉ። ከዚያ ወደ ላይ ትሳባለች፤ ከጉልበት ጀርባ፣ ብሽሽት፣ ብብት፣ ከጆሮ ኋላ ያለውን ለስላሳ ቆዳ ትፈልጋለች። ምራቋ የሚያደነዝዝ ነገር ስላለው ንክሻው አይሰማም። ላይም በሽታን በብዛት የሚያስተላልፉት ገና ያላደጉት ናቸው፤ መጠናቸው ከጤፍ ቅንጣት ብዙም አይበልጥም፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ በዓይን መለየት ስለሚከብድ በጣት መዳበስ ይሻላል። ቀዩ ሽፍታም በጠቆረ ቆዳ ላይ እንደ መጽሐፉ ሥዕል ደምቆ አይወጣም፤ ወይን ጠጅ ወይም ቡናማ መስሎ ሊያልፍ ይችላል።

የተጣበቀች መዥገር ስትገኝ ቫዝሊን መቀባት፣ ክብሪት ማስጠጋት፣ በጥፍር መቧጨር አይገባም። በቀጭን ወረንጦ አፏ አጠገብ፣ ቆዳው ሥር ድረስ ተይዛ ሳትጠመዘዝ ቀጥ ብላ ትሳባለች፤ ከዚያ ቦታው በሳሙና ይታጠባል። የላይም ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚተላለፈው መዥገሯ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቃ ከቆየች ስለሆነ፣ ከጫካ በተመለሱበት ማታ ገላን መፈተሽ ብዙ ያድናል። የዋሉበትን ልብስ በሞቀ ማድረቂያ ውስጥ አሥር ደቂቃ ማዞርም መዥገሯን ይገድላታል። በሽታው በሚበዛበት አካባቢ መዥገሯ ከወጣች በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ጋር የደረሰ ሰው አንድ ጊዜ የሚወሰድ ዶክሲሳይክሊን ሊታዘዝለት ይችላል።

ለሥጋው አለርጂ ግን እስካሁን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት የለም። ሕመምተኛው ሥጋውን ይተዋል፣ ጄላቲን ያለባቸውን እንክብሎች ለይቶ ያውቃል፣ ሐኪሙ ካዘዘለትም አስቸኳይ የኤፒነፍሪን መርፌ ይይዛል። እንደገና ያልተነከሱ ሰዎች ፀረ እንግዳ አካላቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ፣ አንዳንዶቹ በሐኪም ክትትል ጥቂት ጥቂት ሥጋ ወደመብላት ተመልሰዋል። በመሐል አንዲት መዥገር ብትነክሳቸው መጠኑ ዳግም ይወጣል፤ ቆጠራውም ከመጀመሪያው ይጀምራል።