ፊደሉ አንድ፣ ድምፁ ሁለት

ለማስተማር ልምምድ የወጡ እጩ መምህራንን ስንከታተል በአንድ ክፍል ውስጥ ያየነው ነገር ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ አነሣሥቶናል። አንዲት ተማሪ ከጥቁር ሰሌዳው ላይ «ዶሮው ይበላል» የሚለውን ስታነብ «ይበላል»ን አጠበቀችው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መምህሩም «ተሳስተሻል፤ ተቀመጪ» አላት። ልጅቷ ግን አልተሳሳተችም። ቃሉ ሲላላ ዶሮው ራሱ በላተኛ ነው፤ ‹በ› እና ‹ላ› ሲጠብቁ ግን ዶሮው ለሰው ምግብ ይሆናል። ከሁለቱ የትኛው እንደ ተፈለገ ፊደሉ አልነገራትም።

እንዲህ ያለው ችግር የሚመጣው ፊደልንና ድምፅን አንድ አድርጎ ከማየት ነው። ፊደል በዓይን የሚታይ ምልክት ሲሆን ድምፅ በአፍ የሚነገር፣ በጆሮ የሚሰማ ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ አይገጥሙም። ‹ሰ› እና ‹ሠ› ሁለት ፊደሎች ናቸው፤ በአማርኛ ግን ድምፃቸው አንድ ነው።

ታዲያ ሁለት ድምፆች በአንድ ቋንቋ ውስጥ የተለያዩ መሆናቸውን በምን እናውቃለን? ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ አንዱን ድምፅ በሌላው ስንተካ ትርጉም ከተለወጠ ድምፆቹ የተለያዩ ናቸው። በ«መታ» ውስጥ ‹ታ›ን በ‹ጣ› ብንተካ «መጣ» ይሆናል። «ከዳ» እና «ቀዳ»ም እንዲሁ ናቸው። እንዲህ ያለውን ትርጉም ለዋጭ ድምፅ የሥነ ድምፅ ሊቃውንት ፎኒም ይሉታል።

ይህንኑ መለኪያ በመጥበቅና በመላላት ላይ እንሞክረው፦

«ገና»፦ ሲላላ እስካሁን፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል።
«ዋና»፦ ሲላላ በውሃ ውስጥ መዋኘት፤ ሲጠብቅ ተቀዳሚ።
«አለ»፦ ሲላላ ተናገረ፤ ሲጠብቅ ይገኛል።

እንግዲህ መጥበቅ ለንግግር ማሳመሪያ የሚጨመር ሳይሆን ትርጉም የሚለይ ነው። አንድን ተናባቢ ስናጠብቅ ምላሳችን ወይም ከንፈራችን በቦታው ጥቂት ቆይቶ ይላቀቃል። በአማርኛ ከ‹ህ› እና ከ‹እ› በቀር ሌሎቹ ተናባቢዎች ሊጠብቁ ይችላሉ፤ በቃል መጀመሪያ ላይ ግን አይጠብቁም።

ይህን ጉድለት ለማሟላት የሞከሩ ነበሩ። ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚጠብቁት ፊደሎች አናት ላይ ነጥብ አድርገዋል፤ ልማዱ ግን አልተስፋፋም። ኦሮምኛ በቁቤ ሲጻፍ የሚጠብቀው ተናባቢ ይደገማል። ስለዚህ በቁቤ ማንበብ የለመደ ተማሪ አማርኛ ሲያነብ ያንን ምልክት ቢያጣ ሊደንቀን አይገባም።

በክፍል ውስጥ የሚከተለውን እንድንሞክር እናሳስባለን። በመጀመሪያ ተማሪዎች ዓይናቸውን ጨፍነው ጥንድ ቃላቱን ያዳምጡ፤ የጠበቀውን ሲሰሙ እጃቸውን ያንሡ። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ትርጉም ዓረፍተ ነገር ይሥሩ። በመጨረሻም በሰሌዳው ላይ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ያድርጉ። ጮክ ብለው ከማንበባቸው በፊትም አንቀጹን በልባቸው እንዲያነቡት ጊዜ እንስጣቸው፤ የቃሉን ድምፅ የሚወስነው ዙሪያው ያለው አሳብ ነውና።

«ገና አልመጣም» ብለን ብቻ ጽፈን አንብቡ ብንላቸው፣ ያልመጣው ሰውም በዓሉም ሊሆን ይችላል። ማርክ ከመቀነሳችን በፊት የጻፍነውን መልሰን እናንብበው።