ቋጠሮ ፈቺዎቹ፦ ባክቴሪያዎች ብርድን እንዴት ይቋቋማሉ?

ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ በምትገኘው በይጁቤና በዙሪያዋ ባሉ የባሶ ሊበን ቀበሌዎች ማታ የታለበ ወተት በወይራ በታጠነ ቅል ተደርጎ ይቀመጣል። አየሩ ሞቅ ሲል ወተቱ ቶሎ ይረጋል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲመጣ ግን እርጎ አልሆን እያለ ስለሚያስቸግር ቅሉ ወደ ምድጃው ጠጋ ይደረጋል። እናቶቻችን በዚህ ልማዳቸው አንድ የሳይንስ እውነት ጨብጠዋል፤ ይኸውም ብርድ በወተት ውስጥ ያሉትን ረቂቅ ተሕዋስያን የሚያዘገይ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ማዘግየት መግደል አይደለም። ለመሆኑ ባክቴሪያ ከላሟ ሰውነት ሙቀት ወጥቶ በድንገት ብርድ ውስጥ ሲገባ ምን ይደርስበታል? እንዴትስ ይተርፋል?

እንደሚታወቀው በማንኛውም ሕያው ሴል ውስጥ በዲ ኤን ኤ ላይ የሰፈረው መመሪያ መጀመሪያ ወደ አር ኤን ኤ ይገለበጣል። ራይቦዞም የተባለው የሴሉ ፋብሪካም ይህን ግልባጭ እያነበበ ፕሮቲን ይሠራል። አር ኤን ኤ ነጠላ ክር ነው። ጥጥ ስትፈትል የቆየች ሴት ክሩን ላላ ብታደርገው በራሱ ላይ እንደሚጠመጠም ሁሉ፣ አር ኤን ኤም በሃይድሮጂን ትስስር አማካይነት በራሱ ላይ እየታጠፈ ቋጠሮ ይፈጥራል። ሙቀት ሲኖር ሞለኪውሎቹ ስለሚንቀጠቀጡ ቋጠሮው በየጊዜው ይፈታል። ብርድ ሲመጣ ግን እንደተቋጠረ ይቀራል።

እስቲ ጉዳዩን በቁጥር እንመልከተው። 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በኬልቪን 310 ሲሆን 10 ዲግሪ ደግሞ 283 ነው። ልዩነቱ 9 በመቶ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን አንድን ቋጠሮ ለመክፈት በሞል 40 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልጋል ብለን ብንነሣ፣ በቦልትዝማን ሕግ መሠረት የመከፈቱ ፍጥነት ወደ 500 ጊዜ ያህል ይቀንሳል። በ37 ዲግሪ በ1 ሴኮንድ ይፈታ የነበረው ቋጠሮ በ10 ዲግሪ 8 ደቂቃ ያህል ይፈጃል ማለት ነው። እኛ የፊዚክስ ሰዎች ስለ ሕይወት ስንጠየቅ ብዙ ጊዜ መልሳችን ከዚህ ዓይነቱ ስሌት ይጀምራል።

ራይቦዞሙ የተቋጠረውን ክር ማንበብ ይሳነዋል። ራይቦዞሙ ራሱም በአብዛኛው ከአር ኤን ኤ የተሠራ ስለሆነ አዲስ ራይቦዞም መገጣጠም ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ከ37 ወደ 10 ዲግሪ በድንገት ሲዛወር ለ4 ሰዓታት ያህል እድገቱ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ግን እንደገና ማደግ ይጀምራል። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ባክቴሪያው ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም፤ ለብርድ የሚሆኑ ልዩ ፕሮቲኖችን ሲያዘጋጅ ነበር።

ከእነዚህ አንዱን እ.ኤ.አ. በ1996 ማሳዮሪ ኢኖዬና ባልደረቦቻቸው አሜሪካን አገር አጥንተው አቀረቡ። ሲ ኤስ ዲ ኤ የተባለው ይህ ፕሮቲን በብርድ ጊዜ በብዛት ይመረታል፤ ከራይቦዞም ጋርም ይጣበቃል፤ የተደረበ አር ኤን ኤንም ይፈታል። ጂኑ የተወሰደበት ባክቴሪያ በሙቀት ደህና ሲያድግ በብርድ ግን ይዳከማል። ቆየት ብለው የተደረጉ ጥናቶችም ፕሮቲኑ የራይቦዞምን ትልቁን ክፍል ለመገጣጠም እንደሚረዳ አሳይተዋል።

እንዲህ ያሉት ቋጠሮ ፈቺ ኢንዛይሞች አር ኤን ኤ ሄሊኬዝ ይባላሉ። የብዙዎቹ የቤተሰብ ስም ከአራት አሚኖ አሲዶች ምልክት የተወሰደ ሲሆን፣ ፊደላቱ ሲገጣጠሙ በእንግሊዝኛ «ሙት» የሚል ትርጉም ያለውን «ዴድ» የተባለ ቃል ይሰጣሉ። ስማቸው ሙት ይሁን እንጂ ሥራቸው ማዳን ነው። አሠራራቸውም ረቀቅ ያለ ነው። የሴሉ የኃይል ምንጭ የሆነው ኤ ቲ ፒ ሲያርፍባቸው ሁለቱ የኢንዛይሙ ክፍሎች ይገጥማሉ፤ በመካከላቸው የተያዘው ክር ይጎብጣል፤ ድርቡም ይላቀቃል። ኤ ቲ ፒው ሲሰበር ኢንዛይሙ ክሩን ለቅቆ ወደ ሌላ ቋጠሮ ይሄዳል። ሙቀት በነጻ ይሠራው የነበረውን ሥራ ባክቴሪያው አሁን ዋጋ ከፍሎ ያሠራዋል ማለት ነው።

ይህ ነገር ከቤተ ሙከራ አልፎ ወደ ጓዳችን ይገባል። ሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጂንስ የተባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ በ4 ዲግሪ፣ ማለትም በማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ይራባል። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ከባክቴሪያው አራት የሄሊኬዝ ጂኖች ሦስቱ ለብርድ እድገቱ አስፈላጊ ሆነው ተገኝተዋል። ባክቴሪያው ከአገራችንም የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት በወጣ ጥናት በአዲስ አበባ ገበያ ከሚሸጡ የሥጋና የወተት ውጤቶች ውስጥ ተገኝቷል። በሽታው በጽኑ ከያዛቸው ሰዎች ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ይሞታሉ። ነፍሰ ጡሮች፣ ጨቅላ ሕፃናትና አረጋውያን ይበልጥ ተጠቂዎች ናቸው፤ ፅንስም ያስወርዳል።

ስለሆነም ከይጁቤም ሆነ ከሌላ ገጠር ወደ ከተማ የመጣውን ጥሬ ወተት «ማቀዝቀዣ ውስጥ አድሯልና ንጹሕ ነው» ብለን መጠጣት አይገባንም። ብርዱ ቋጠሮውን ያስራል፤ ሄሊኬዙም ይፈታዋል። ሊስቴሪያን የሚገድለው እሳት ነው። ወተቱን አፍልተን እንጠጣ፤ በተለይም ቤታችን ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ይህን ማስረዳት የተማርነው ሰዎች ድርሻ ነው።