ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን

ልጁ ተቀመጥ ብለው እምቢ አለኝ፤ ቆሞ ይሻለዋል። ትልቁን የኤምአርአይ ፖስታ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ግራ እግሩን ከጉልበቱ አጠፍ አድርጎ፣ ትከሻውን ወደ ቀኝ አዘንብሎ ግድግዳው ሥር ቆመ። ዕድሜው 26 ነው፤ ክንዱ የሸሚዙን እጅጌ ወጥሮታል። ተከትለውት የገቡት እናቱ ጎንበስ ብለው የጫማውን ክር መፍታት ጀመሩ። "ሦስት ሳምንቱ ነው፤ የማስርለትም የምፈታለትም እኔ ነኝ" አሉኝ። ልጁ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

የሆነው እንዲህ ነው። ከእንቅልፉ እንደተነሳ በቀጥታ ጂም ሄደ፤ ገና ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አልሞላም። የለመደውን 120 ኪሎ ዴድሊፍት (ብረት ከወለል ማንሳት) ጀመረና ሦስተኛው ላይ ወገቡ ቀጭ አለ። የዚያኑ ዕለት ማታ ሕመሙ ወደ መቀመጫው፣ ከዚያም በጭኑ ኋላ በኩል እስከ እግሩ አውራ ጣት ወረደ። ቤተሰቡ ሁለት ሳምንት ሙሉ አስተኛው። ወጌሻ ዘንድም ተወስዶ ታሽቷል። ወጌሻን አልንቅም፤ ነገር ግን እግር ድረስ የሚወርድ ሕመም ያለበትን ወገብ በጉልበት ማጠማዘዝን አጥብቄ እቃወማለሁ። መተኛቱንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ ታትሞ በወጣ ጥናት፣ ሁለት ቀን ብቻ ተኙ የተባሉት ሕሙማን ሰባት ቀን ተኙ ከተባሉት ያነሰ የሥራ ቀን ነው የባከነባቸው፤ በሌላው ነገር አልተለያዩም። ዛሬም ግን ወገቡን ለታመመ ሰው መጀመሪያ የሚነጠፍለት ፍራሽ ነው።

ፖስታውን ከመክፈቴ በፊት የምጠይቀው አለኝ። ሽንትህ እንደ ድሮው አልወጣ ብሎሃል? ብልትህና መቀመጫህ አካባቢ ደንዝዞሃል? ሁለቱም እግርህ ይዝላል? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ቢኖር እኔ ጋ የሚያስቆይ ነገር የለም፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መግባት ነው፤ ማደር የለበትም። ከአከርካሪው ግርጌ የተሰበሰቡት ነርቮች ታፍነው ከቆዩ ሽንትን የመቆጣጠር አቅም ላይመለስ ይችላል። ልጁ ከሦስቱም ነፃ ነው። በተረከዙ ሄደ፤ በጣቶቹ ቆመ። በጀርባው አስተኝቼ ግራ እግሩን ቀጥ እንዳለ ሳነሳው ግን ገና ግማሽ ሳይደርስ አንሶላውን ጨበጠ።

"ዲስክህ ተንሸራቷል አሉኝ" አለ ፖስታውን ሲሰጠኝ። ይህን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እሰማዋለሁ! ዲስክ እንደ እርጥብ ሳሙና አይንሸራተትም። ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር ተጣብቆ የተያዘ ነው፤ ዙሪያው እንደ ሽንኩርት የተደራረበ ጠንካራ ቀለበት፣ መሐሉ እንደ ወፍራም አጥሚት ያለ ነገር። የልጁ 4ኛውና 5ኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ቀለበት ተሰንጥቆ፣ ከመሐሉ ጥቂት ወጥቶ ነርቩን ተጭኖታል። ያን የወጣውን ነገር ሰውነት ራሱ ብዙ ጊዜ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፤ ትልልቁ ሳይቀር ሲመናመን ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ወገባቸውን የማያማቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ ተነስተው ከመቶ 64ቱ ቢያንስ አንድ ዲስካቸው ላይ እንከን ተገኝቶባቸዋል። ይህን ሁሉ ነገርኩት። "ተንሸራቷል" የተባለ ሰው በተራመደ ቁጥር ጨርሶ እንዳይወልቅበት ይሰጋል፤ ልጁም ከክፍሉ በር እስከ አልጋው ድረስ የተራመደው እንደዚያ ነበር።

"ከእንግዲህ ምንም ከባድ ነገር እንዳታነሳ ተብያለሁ" አለ። ድምፁ የተሰበረው እዚህ ላይ ነው። እናቱ ቀበል አድርገው፣ "ታዲያ ውሃውን ማን ይቅዳ?" አሉ። እንደ ብዙው የአዲስ አበባ ሰፈር የእነሱም ውሃ በፈረቃ ነው፤ ባለ 20 ሊትሩን ጄሪካን ከግቢው ቧንቧ ሞልቶ ደረጃውን የሚወጣው እሱ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ የሥራ ዓመታቴ እኔም "አይጎንበሱ፣ አያንሱ" እያልኩ የሸኘኋቸው ሰዎች አሉ። አንዲት እናት ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሰው መጡ። ሕመሙ ከለቀቃቸው ቆይቷል። ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ትንሿን ልጃቸውን ከወለል አንስተው አቅፈው አያውቁም፤ እንጀራቸውንም የምትጋግርላቸው ጎረቤት ናት። "እርስዎ ነዎት አይጎንበሱ ያሉኝ" አሉኝ። አዎ፣ እኔ ነኝ። ያቺ ሕፃን በእናቷ ሳትታቀፍ ያለፉት ሁለት ዓመታት እስካሁን ይከነክኑኛል።

ስለዚህ ለልጁ ያዘዝኩለት ያንኑ ጄሪካን ነው። ውሃ አንድ ሊትሩ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሚዛን አያሻውም። በመጀመሪያው ሳምንት የእግር ጉዞ ብቻ፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ አሥር አሥር ደቂቃ። በሁለተኛው 5 ሊትር ተሞልቶ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። መቀመጫህን ወደ ኋላ ግፋ፤ ሁለት እጅህ ዕቃ ይዞ በር በመቀመጫህ እንደምትዘጋው። ጉልበትህን ላላ አድርግ፤ ጄሪካኑን ከሰውነትህ አታርቀው፤ አሁን ተነስ። መጀመሪያ ቀን ትንፋሹን ውጦ፣ የሚፈነዳ ነገር የሚነካ ይመስል ነበር የያዘው። እጄን ወገቡ ላይ አድርጌ ነበር፤ ጡንቻው እንደ እንጨት ደርቋል። አራተኛው ላይ እጄ ሥር ለቀቅ አለ። እሱም ታውቆታል፤ ዞሮ አየኝ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሁሉ ቀና ሆነ ማለት አልችልም። በአምስተኛው ሳምንት፣ 12 ሊትር ላይ ሕመሙ ወደ ባቱ ተመለሰ፤ ወደ 8 ወርደን አሥር ቀን እዚያው ቆየን። ደንባችን አንድ ነው። ሲያነሳ ወገቡን ትንሽ ቢሰማው እንቀጥላለን፤ ሕመሙ ወደ እግሩ ወርዶ በማግስቱም ካልለቀቀው ውሃ እንቀንሳለን። በ11ኛው ሳምንት ጄሪካኑ እስከ አፉ ሞልቶ ከወለል ተነሳ።

የጂሙ ረጅም ብረት ግራና ቀኝ ምንም ሳይጫንበት 20 ኪሎ ነው፤ ልጁ ቤቱ ሲያነሳው ከከረመው ሙሉ ጄሪካን ጋር እኩል። ባለፈው ሐሙስ ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። ባዶውን ብረት ስምንት ስምንት ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን። በሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ አትጨምር። ጠዋት ከአልጋ እንደተነሳህ አይሆንም፤ ሌሊት ስንተኛ ዲስክ ውሃ ይስባል፣ ጠዋት ቁመታችን ከማታው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝመውም በዚሁ ነው፤ እንዲህ የሞላ ዲስክ ጎንበስ ሲባል ይበልጥ ይወጠራል። ከሥራ መልስ ሂድ።

"120ውስ?" አለኝ። በስድስት ወር እንደርስበት ይሆናል፣ ካልሆነም 100 ላይ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን አልኩት። እናቱ ውሃው ረቡዕና ቅዳሜ እንደሚመጣ አስታወሱን። የጂሙን ቀን ሰኞና ዓርብ አደረግነው።