ሕመሙን የማይናገር በሽተኛ

ሰው ሲታመም ራሴን ፈለጠኝ፥ ሆዴን ቈረጠኝ ብሎ ለሐኪሙ ያስረዳል። ፈረስ፥ በቅሎና ግመል ግን ይህን የሚናገሩበት አንደበት የላቸውም። በ12ኛው መቶ ዓመት በሶርያ የኖረው አሽ ሸይዘሪ ስለ ገበያ ቍጥጥር በጻፈው መጽሐፍ፥ እንስሳን ማከም ሰውን ከማከም ይልቅ ይከብዳል ያለው ስለዚህ ነው።

በዚያ ዘመን በእስላም አገሮች ሸክሙም፥ ዘመቻውም፥ የመንግሥት መልእክትም በእንስሳት ጕልበት ላይ የቆመ ነበር። ከ1260 እስከ 1277 በአውሮፓውያን አቈጣጠር ግብፅንና ሶርያን የገዛው ሱልጣን በይበርስ ባደራጀው የፖስታ መንገድ፥ ፈረሱ በየጣቢያው እየተለወጠ ደብዳቤ ከካይሮ ደማስቆ በ4 ቀን ይገባ ነበር። ፈረስ ካነከሰ ግን ደብዳቤውም ይዘገያል።

የእነዚህ እንስሳት ሐኪም «በይጣር» ይባላል። ሥራውም በሽታን ከማከም ጋራ ሰኮናን መከርከምና የብረት ጫማ መምታት ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ አሽ ሸይዘሪ ግን ጥንቃቄውን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። በይጣሩ ከመከርከሙ በፊት ሰኮናውን አስተውሎ መመልከት አለበት። ከልክ በላይ ቢከረክመው እንስሳው ያነክሳል። ምስማሩን ቢያላላው ጫማው ይነቃነቅና ጠጠርና አሸዋ ይገባበታል። እጅግ ቢያጠብቀውም እግሩን ይጐዳዋል።

ሙያው ታላላቅ መጻሕፍትም ነበሩት። በካይሮ የሱልጣን አን ናስር ሙሐመድ የፈረስ ሐኪም የነበረው፥ በ1340 የሞተው አቡ በክር ኢብን በድር፥ ስለ ፈረስ አያያዝና ሕክምና ሰፊ መጽሐፍ ጽፎ ለጌታው አበረከተ። ይህም መጽሐፍ ከ500 ዓመት በኋላ በፈረንሳይኛ ተተርጕሞ ታትሟል። የሙያው ስም ደግሞ ከዐረቦች ወደ እስፓንያ ተሻግሮ የእንስሳት ሐኪም በዚያ «አልቤይታር» ተብሏል።

ይሁን እንጂ ከመጽሐፉ ይልቅ የሚያስደንቀው ሕጉ ነው። ሙያውን ሳያውቅ ደም ሥር የበጣ ወይም በጋለ ብረት የተኰሰ በይጣር፥ እንስሳው ቢሞት ወይም ቢጐዳ ከዋጋው የጐደለውን ለባለቤቱ ይከፍላል። ሙሕተሲብ የተባለው የገበያ ተቈጣጣሪ ደግሞ በላዩ ይቀጣዋል። ባለቤቱም ቢሆን ከዚህ ቍጥጥር አያመልጥም፤ በ1058 የሞተው የባግዳዱ ሊቅ አል ማወርዲ እንደ ጻፈው፥ እንስሳውን ከዐቅሙ በላይ የሚያሠራውን ሰው ሙሕተሲቡ ይከለክለዋል።

ተበደልሁ ብሎ ከዳኛ ፊት ሊቆም ለማይችለው እንስሳ፥ ሕጉ ራሱ ጠበቃ ሆኖ ቆሞለት ነበር።