ድንጋዩን የወረወረው የማን ልጅ ነው?

ከዝዋይ ተነስታችሁ ወደ ሻሸመኔ በመኪና ተጉዛችሁ ታውቁ ይሆናል። አዳሚ ቱሉን፣ ቡልቡላን፣ ላንጋኖን አልፋችሁ አርሲ ነገሌ ስትደርሱ ምናልባት እያንቀላፋችሁ ነው። እስቲ አሁን ያንኑ 60 ኪሎ ሜትር የሚያህል መንገድ በብስክሌት አስቡት። ብቻችሁን ናችሁ፤ አገሩም የሰው አገር ነው።

ከዝዋይ ሲወጡ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ደስ ይላል። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ግን ጥላ ያለው ዛፍ እየጠፋ፣ የሚታየው እሾሃም ግራር ብቻ ይሆናል። እሾሁ አስፋልቱ ዳር ይረግፍና ጎማ ይበሳል። በኮዳ የያዛችሁት ውሃ የሻይ ያህል ይሞቃል። አይሱዙው ከኋላ ጡሩምባውን ሲያንባርቅ ያላችሁ ምርጫ ከአስፋልቱ ወርዳችሁ ጠጠሩ ላይ መንገዳገድ ነው። በግራ ላንጋኖን፣ በቀኝ አብያታንና ሻላን ትታችሁ ወደ ነገሌ ስትቀርቡ ደግሞ ዳገት አለ። ላንጋኖ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ነገሌ ከተማ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መኪና ውስጥ ያለ ሰው ይህን ዳገት አያውቀውም፤ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ግን በጉልበቱ ይቆጥረዋል።

እኔ ይህን የማውቀው ብስክሌት ነድቼ አይደለም። በጥር ወር 2004 ዓ.ም. ቤታችን ያደረች አንዲት የሆላንድ ሴት ነገረችን። ከካይሮ ተነስታ፣ ሱዳንን አቋርጣ፣ በመተማ ገብታ፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ አድርጋ ወደ ናይሮቢ ትሄድ ነበር። በዚህ መንገድ ያለፈችው እሷ ብቻ አይደለችም። እንግሊዛዊው አላስቴር ሃምፍሪስ በ2001 እ.ኤ.አ. ከአገሩ ወጥቶ ዓለምን በብስክሌት ሲዞር አገራችንን አቋርጧል። በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚደረገው የብስክሌት ጉዞም እኛን ሳያቋርጥ አያልፍም ነበር። እነዚህ ሰዎች ስለ አገራችን ሲያወሩ ተራራውን ያደንቃሉ፣ ቡናውን ያመሰግናሉ፤ ከዚያ ግን ብዙዎቹ ስለ አንድ ሌላ ነገር ያነሳሉ። እሱም የልጆቻችን ድንጋይ ነው።

ያች ሴት በሱዳን በረሃ ብዙ ሌሊት ብቻዋን ድንኳን ተክላ አድራለች። «ውሃና ሻይ ይዘው የሚመጡ ነበሩ እንጂ ክፉ ያሰበብኝ ሰው አልነበረም» አለችን። ወገኖቼ፣ ይህን የሰማሁት ግድግዳው ላይ ጥቅስ በተሰቀለበት ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጬ ነው።

አመጣጧን ላጫውታችሁ። በራችን አጠገብ አንድ ጎሚስታ አለ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን የተበሳ ጎማዋን ይዛ ደረሰች፤ ጎሚስታው ግን ዘግቶ ሄዷል። ጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉሯ በደረቀ ደም ተጣብቋል። ባለቤቴ ከሱቅ ስትመለስ አየቻትና በራችን ድረስ ይዛት መጣች። እኔ የቤት ለቤት ጥናት ለመምራት መጽሐፍ ቅዱሴን ብብቴ ሥር አድርጌ እየወጣሁ ነበር።

«ሆቴል አለ፤ ባጃጅ ጥሪላት» አልኩ። የማናውቃትን ሰው፣ ያውም የውጭ ዜጋ፣ ማስገባት ጣጣ እንዳለው በአማርኛ አስረዳሁ። እንግዳዋ ቋንቋውን ባትሰማም የፊቴን ሁኔታ ሳትረዳው አልቀረችም።

ባለቤቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሆቴሉ አልጋ ይሰጣታል፤ ደሟን ማን ያጥብላታል?» አለችኝና በሩን ከፈተችው።

ልንገራችሁ፣ በዚያ ሰሞን በቤተ ክርስቲያናችን ለሽማግሌነት ታጭቼ ስሜ ከተነበበ ሁለት ሳምንቱ ነበር። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ መሪዎች ሲጽፍ (1ጢሞ. 3፥2) እንግዳ ተቀባይነትን ከማስተማር ችሎታ አጠገብ እንዳስቀመጠው አውቃለሁ። በዚያ ምሽት የተዘጋጀሁት ለማስተማሩ ብቻ ነበር።

ጥናቱን መርቼ ስመለስ እንግዳችን ታጥባ፣ ቁስሏ ተጠርጎ፣ ሽሮ በእንጀራ ትበላ ነበር። የ9 ዓመት ልጃችን ግን የለም። የት ሄደ ስል ባለቤቴ ወደ ጓዳው መጋረጃ በዓይኗ ጠቆመችኝ። ከታች ሁለት እግሮች ይታያሉ። አረንጓዴ የትምህርት ቤት ሹራቡን አውልቆ አልጋ ሥር ወሽቆታል።

የቀረውን እናንተም ገምታችሁታል። ከተማው መግቢያ ላይ፣ ዳገቱ ጉልበቷን ጨርሶት ብስክሌቷን እየገፋች ሳለ ልጆች ከበዋት ነበር። መጀመሪያ «ዩ! ዩ!»፣ ቀጥሎ «ማኒ!»፣ ቀጥሎ «ሃይላንድ!» እያሉ ባዶ ፕላስቲክ ጠየቋት። አልሰጥም ስትል የተወረወረው ድንጋይ ጆሮዋ በላይ አረፈ። ልጁን ሲገባ አይታ አውቃዋለች፤ ግን አንዲት ቃል አልተናገረችም። ባለቤቴ ነገሩን የተረዳችው ከልጁ ፊት ነው።

እኔ ቀበቶዬን ፈታሁ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ቆይ፣ ከማን ተማረው?» አለችኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። ከዚያ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ ሁለት ፈረንጆች በብስክሌት ሲያልፉ የሰፈር ልጆች ሲያሯሯጧቸው ከጓደኞቼ ጋር ቡና እየጠጣሁ ስቄአለሁ። ልጄ አጠገቤ ነበር። አንዱ ልጅ የወረወረው ሲስትበት «አይ፣ ሳተ!» ያልኩትም እኔው ነኝ። አዋቂ ከሳቀ ለልጅ ፈቃድ ነው። ከብት ሲጠብቅ ድንጋይ መወርወርን እንደ ሥራ የተማረ ልጅ ደግሞ ዒላማ አይቸግረውም። እርግጥ ነው፣ እስክሪብቶና ከረሜላ ከመኪና መስኮት እየበተኑ ያለፉ ቱሪስቶችም ልመናውን አስተምረዋል። ድንጋዩን ግን ለእነሱ ማሸከም አይቻልም። (ከተማችን በአረቄዋ ስሟ ሲነሳ ሁላችንም እናፍራለን፣ እንጸልያለንም። ስለዚህ ነገር ሲጸለይ ግን ሰምቼ አላውቅም።)

ባልና ሚስት የሆናችሁ፣ ዘፍጥረት 18ን አብራችሁ አንብቡት። በቀትር ሙቀት ሦስት መንገደኞች ሲመጡ አብርሃም በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ነበር። ሽማግሌው ሮጠ። ሣራ ዱቄት ለወሰች፣ ብላቴናው ጥጃውን አዘጋጀ። እንግዳ መቀበል የአንድ ሰው ስጦታ ሳይሆን የቤቱ ሁሉ ሥራ ነበር። በብዙ ቤቶቻችን ግን ባል «እንግዳ አለ» ብሎ ይቀመጣል፣ ሚስት ጓዳ ትገባለች፣ ልጆች ውጪ ይባረራሉ። እኔ ቤት ደግሞ የከፋ ነበር፤ ሚስቴ ስትሮጥ እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ።

ጥበብ አያስፈልግም አልልም። ባል በሌለበት ቤት የማያውቁትን ወንድ ማሳደር አይመከርም፤ ጎረቤት ይወቅ፣ የሚመለከተው አካል ይወቅ። እኛም በማግስቱ ጠዋት ለቀበሌው ተናግረናል። ነገር ግን ያን ምሽት «ጣጣ አለው» ያልኩት ከጥበብ አልነበረም። ጥናቱ እንዳይረፍድብኝ ነበር።

ሌሊት መብራት ከጠፋ በኋላ እኔና ባለቤቴ ብዙ ተነጋገርን። በእንግዳ ፊት ስለመለስኩላት ይቅርታ ጠየቅኋት። «እኔን ተወኝ፤ ነገ ልጁን ምን ታደርገዋለህ?» አለችኝ። መግረፍ ቀላሉ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። በኋላ ለሽማግሌዎቹ ሁሉንም ስነግራቸው እጩነቴ እንዲቆይ ተስማማን፤ ቆየም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ልጄን ይዤ እንግዳዋ ፊት ቀረብኩ። መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ በሬ ላይ ያልኩትን በእንግሊዝኛ ነገርኳት፣ በፊት መሳቄንም ጭምር። ከዚያ ልጁ «ሶሪ» አለ፤ ከዚህ ሌላ ቃል አልነበረውም። እሷ ወዲያው አልሳቀችም። ፋሻውን ነካ አድርጋ፣ ሌሊቱን እንዳመማት ነገረችው፤ እኔም አስተረጎምኩ። ይህን በማለቷ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። «ምንም አይደለም» ብትል ኖሮ ልጄ ያምናት ነበር።

ልጁ ያጠራቀማትን 12 ብር ይዞ ብስክሌቱን ወደ ጎሚስታው ገፋ። ጎሚስታው ጎማውን ለጥፎ 5 ብር ወሰደና 7ቱን መለሰለት። ባለቤቴ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ቋጠረችላት። ጋሪዎች እስከሚቆሙበት ድረስ ልጁ ከጎኗ እየሮጠ ሸኛትና እያለከለከ ተመለሰ።

«አባዬ፣ ከዚህ እስከ ሻሸመኔ መንገድ ዳር ብዙ ልጆች አሉ?» አለኝ።

«አዎ፣ ብዙ አሉ» አልኩት።

ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ቁርሱን አምጥተንለት ገና አልበላም ነበር።