ተጨማሪ መረጃ፦ የኋላ ካሜራ ኤሌክትሪክ ከየት ያገኛል?

በአሜሪካ በመኪና የሚጎተቱ የጉዞ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ባለ 7 ፒን ሶኬት አላቸው። በአንዱ የተለመደ የቀለም አሠራር ቡናማው ሽቦ የፓርኪንግ መብራት፣ ነጩ ደግሞ ማሳ (ኔጋቲቭ) ነው። የኋላ ካሜራ ብዙ ጊዜ ከጀርባው የላይኛው መብራት ላይ በእነዚህ መስመሮች ይቀጠላል፤ ስለዚህ ሾፌሩ በቀንም ቢሆን መብራት ካላበራ ካሜራው አይሠራም። ከኋላ ማርሽ መብራት ከተቀጠለ ወደ ኋላ ሲነዳ ብቻ ይበራል፤ በአውራ ጎዳና ላይ ከኋላው የሚመጣውን ማየት ለሚፈልግ ይህ አይበጅም።

ሽቦውን ከመቀጠል በፊት መብራቱን አብርቶ 12 ቮልት መኖሩን በቴስተር መለካት የግድ ነው። ቀለምን ብቻ ማመን አደገኛ ነው፤ በቤቱ ግድግዳ ውስጥ 120 ቮልት የሚያስተላልፍ ጥቁርና ነጭ ሽቦም አለ! በፖዚቲቩ መስመር ላይ አነስተኛ ፊውዝ ይግባ፤ የመብራቱ ዙሪያም ዝናብ እንዳያስገባ በሲሊኮን ይታሸግ።